የእማዬ ድምፅ ወሬኛው ስልኬ ላይ ነው

ወንድሜ፣

ወደ ሥራ ወጥቻለሁ። ሾርባው ምድጃው ላይ ነው፣ አሙቀህ ብላ። የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ አጥብቀህ ዝጋ።

እማዬ ካረፈች ጀምሮ ድምጿን ፍለጋ ስልክህን ስትበረብር አያለሁ። አታገኘውም። “ማንም እንዳይሰልለን” ብለህ የመረጥከው መተግበሪያ መልእክቱን ሁሉ በሳምንቱ ያጠፋል። እንኳን ሰላይ፣ ልጇም ድምጿን አይሰማም! እግዜር ይስጥልን፣ በደንብ ተጠብቀናል።

እኔ አንተ “ወሬኛው” የምትለውን መተግበሪያ አልተውኩም። ፎቶው፣ ገበያው፣ ቀጠሮው አንድ ላይ የታጨቀበትን። አዎ፣ አንዴ ጫማ ካየሁ ወር ሙሉ ጫማ ይዞ ይከተለኛል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ “ዛሬ የእናትሽ ልደት ነው፣ እንኳን አደረሰሽ በያት” አለኝ። ሐፍረት የሚባል አልፈጠረበትም። ከድምፅ መልእክቶቿ ግን አንዲት አልጣለም።

ስልኬን ጠረጴዛው ላይ ትቼልሃለሁ። መክፈቻው የተወለድክበት ዓመት ነው፤ የኔም ምስጢር አጠባበቅ ይኸው ነው።

የመጨረሻውን መልእክት ክፈት። ሆስፒታል ሆና የላከችልኝ ነው። “ያ ልጅ ስልክ አያነሳልኝም። አልተቀየምኩህም ብላሃለች በይው” ትላለች።

ያን ሳምንት እኔና አንተ ተኳርፈን ነበር።

አልነገርኩህም።

እህትህ