የታችኛው ጠርዝ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ ደህና ነን። አባዬም ደህና ነው፤ ባትጠይቂኝም ልንገርሽ ብዬ ነው።

ያዘዝሽኝ ቁም ሳጥን አልቋል። ለአባዬ የደንበኛ ነው አልኩት። ከቤት ከወጣሽ ወዲህ ስምሽ በእኔና በእሱ መካከል አይነሳም። የተከራየሽበትን ሰፈር እንዳልነግረውም አስምለሽኛል፤ አልነገርኩትም።

ጎኑንም መደርደሪያውንም በሩንም ከቺፕውድ ቆረጥኩት። ቺፕውድ ሲቆረጥ ጠርዙ እንዴት እንደሚያስጠላ ታውቂዋለሽ፤ ያው በሙጫ የተያያዘ ፍቅፋቂ ነው። ስለዚህ ከጀርባው ኮላ ያለውን ቀጭን ልባስ በጋለ ካውያ እየተጫንኩ ለጠፍኩበት። በቁራጭ እንጨት አሸሁት፣ ትርፉን በምላጭ ላጭቼ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። ፊት ለፊቱ አማረ። መሬት የሚነካውን የታችኛውን ጠርዝ ግን ራቁቱን ተውኩት። ውስጡን ለቄስ ብዬ አቆምኩት።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ሰንፌ አይደለም። ቶሎ ትመለሻለሽ ብዬ ነው። አባዬ ራሱ ሲያስተምረኝ፣ ለኤግዚቢሽን የሚሠራ መደርደሪያ ታቹ አይለበስም፣ ሰው አንድ ቦታ አቁሞ የሚኖርበት ዕቃ ግን ይለበሳል ይለኝ ነበር። የአንቺን እኔ ለኤግዚቢሽን ከሚሠሩት ቆጠርኩት።

በማግስቱ ወርክሾፕ ስገባ አባዬ ቁም ሳጥኑን በጀርባው አጋድሞ ካውያ ሲያግል አገኘሁት። ደንበኛዋ ለጊዜው ነው የፈለገችው፣ ባትለፋ ይሻላል አልኩት። ከእሱ አፍ ቃል ማውጣት እንዴት እንደሚያደክም ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ቀና ሳይል፣

«ወለሉ እርጥበት አለው። እንዲሁ ከቆመ ሁለት ክረምት አይዘልቅም፤ አብጦ ይፈርሳል» አለኝ።

ሁለት ክረምት ሲል ከፋኝ። እኔ የሚመጣውን ክረምት እንኳ እዚያ ታሳልፊያለሽ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሌላው ነገር የገባኝ ቆይቶ ነው። እኔ እንኳን ወለልሽን ሰፈርሽንም አልነገርኩት። በየት በኩል አየኸው ብዬ አልጠየቅኩትም። በርሽ ድረስ የመጣ ሰው ነበር ወይ ብዬ አንቺንም አልጠይቅሽም።

ልባሱን እየቆረጥኩ አቀበልኩት። አንዱ ማዕዘን ላይ ትንሽ ክፍተት ቢያይ ልጦ እንደገና ለጠፈው። ማንም ተንበርክኮ የማያየው ቦታ ነው፣ ይብቃህ ብለው አልሰማኝም። ሲጨርስ አውራ ጣቱን ዳር ለዳር ሰደደበትና ቁም ሳጥኑን አቃናው። እኔ ከሠራሁት ፊት ለፊት ይልቅ የእሱ ታች ያምራል፤ ቅናት ቢጤም ተሰምቶኛል።

ቅዳሜ ከተሸካሚዎች ጋር ይዤልሽ እመጣለሁ። አባዬን አብረን እንሂድ አልኩት። ወርክሾፕ የቀሩት ጠርዞች ኮላቸው እስኪደርቅ የሚጠብቃቸው ሰው ያስፈልጋል አለኝ። በካውያ የተለጠፈ ጠርዝ ከበረደ ያዘ ማለት ነው፤ ጠባቂ አይፈልግም። እሺ አልኩት።

እስከዚያው ጤናሽን ይስጥልኝ። ወደ ደጅሽ የሚመጣውን ሁሉ በደግ ያድርግልሽ።

ልጅሽ