የጎመን ቅርጫ

ረቡዕ፣ መጋቢት 6

«ከእንግዲህ ጎመን የሕዝብ ነው» ሲል ሰማሁት፤ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ አስማማው፣ በኅብረት ሱቁ ደጃፍ ቆሞ ለአንድ ሰው ሲያስረዳ። እኔም ሕዝብ ነኝና ዘንቢሌን እንዳንጠለጠልሁ ገብቼ ተመዘገብሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐይቁ ዳር ያለው የገበሬዎች አምራች ማኅበር ከአትክልት ማሳው ሊያካፍለን ነው። አስቀድመን እንከፍላለን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው ማሳው ድረስ ሄደን የደረሰውን እንካፈላለን። በረዶ ከመታውም በረዶውን እንካፈላለን። እስከ አምና ደጄ ድረስ አምጥታ የምትሸጥልኝ ሴትዮ ነበረች። ማሳዋ ማኅበር ገባ፣ እሷም ማሳዋን ተከትላ ገባች። ገበያው ውስጥ አሁን የሚገኘው ሽንኩርትና ወሬ ነው።

የተመዘገብሁት ለአባባ ስል ነው። ሐኪሙ «መሪጌታ፣ ደምዎ አንሷል፤ ጾሙን ይፍቱና ወተትና እንቁላል ይውሰዱ» ቢላቸው «እፈታለሁ፤ ለፋሲካ» አሉት። ሐኪሙ ወደኔ ዞሮ «እንግዲያው አትክልት፣ በብዛት። አለዚያ ፋሲካን አልጋ ላይ ነው የሚውሉት» አለ። ፋሲካን ከማኅሌት ውጭ መዋል ለአባባ ምን ማለት እንደ ሆነ ሐኪሙ አያውቅም። እኔ አውቃለሁ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 9

ብዕሬ ወረቀቱን እየበሳ ነው የምጽፈው። በንዴት።

ማሳው ላይ የነበረው አትክልት ዓይን ያጠግባል፦ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ቲማቲም። እንዲያካፍል ማኅበሩ የመረጠው አያ ቢያድግልኝን ነው። በአገሩ የታወቀ የቅርጫ ሥጋ መዳቢ ስለ ነበረ፣ ማካፈል ያውቃል ተብሎ። ያውቃል። የሚያውቀው ግን በሬ ማካፈል ነው።

የኮባ ቅጠል አነጠፈ። ቢላዋውን ሳለ። ከዚያ ሁሉንም ቆራረጠው! ጎመኑን በአራት፣ ካሮቱን በቁመቱ ለሁለት፣ ቲማቲሙን ሳይቀር። እየቆረጠ በየቅጠሉ ላይ መደብ መደብ አደረገ።

«አያ ቢያድግልኝ፣ ካሮቱ ምን በደለ?» አልሁት።

«አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን ነዋ እታለም! ለማን ላድላ?»

«ሙሉ ሙሉውን ብትደለድለውስ?»

«ጉበት ላንድ ሰው ብቻ ሲደርስ የት አይተሻል?»

«ሻኛውን ለኔ!» ብላ ጮኸች ዘርፌ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የምትሠራው ጎረቤቴ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ቀጥሎ ዕጣ። አንዱ ቁልፍ ሰጠ፣ አንዱ ቁራጭ እንጨት፣ ዘርፌ የፀጉር መርፌዋን፣ እኔ የብዕሬን ክዳን። አንዲት መንገደኛ ተጠርታ በየመደቡ ላይ ጣለችልን። የደረሰኝ፦ ወንድምና እኅት ያልሆኑ ሁለት የጎመን ሩቦች፣ ግማሽ ግማሽ ካሮት፣ ሁሉን ያቀላ ቀይ ሥር፣ ቲማቲም፣ ጉንዳን። ቤት እስክገባ ፀሐዩ ቀቅሎታል።

አባባ ዘንቢሉን ገለጥ አድርገው አዩና «ይህንን ማን ፈጀው?» አሉ።

እሑድ፣ መጋቢት 10

አባባ ዛሬ በቅዳሴ መሐል ተቀመጡ። ተቀምጠው አያውቁም። አንድ ዲያቆን ደግፎ ቤት አደረሳቸው። ዲያቆኑ እስኪተኙ ድረስ አልሄደም፤ አለመሄዱ አስፈራኝ።

ቁርጥራጩን ሁሉ አንድ ድስት ውስጥ ከትቼ ወጥ አልሁት። መልኩ ሐምራዊ ሆነ። ሌላ ስም የለኝም ለሱ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 12

ነገ የአባላት ስብሰባ አለ። የምናገረውን አሰናዳሁ። አንደኛ፣ የተቆረጠ አትክልት በፀሐይ ይበላሻል። ሁለተኛ፣ ደካማ ሽማግሌ ያለበት ቤት አለ። ሦስተኛ፣ ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። ሦስተኛውን ሰረዝሁት።

አባባ ያን ሐምራዊ ነገር ትናንትም ዛሬም ደግመው በሉ። ደግ ሰው ናቸው፤ እኔን ላለማስከፋት ነው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 13

ጓድ አስማማው ስለ እኩልነት ተናገረ። አግዳሚው ጎርብጦን እኩል እስክንቆረቆር ተናገረ። እጄን አወጣሁ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ አትክልቱ ሳይቆረጥ ይታደለን።»

«ለብቻሽ ሙሉ ካሮት ነው የምትፈልጊው?»

«ለሁላችንም ሙሉ ካሮት።»

«ይህ የንኡስ ከበርቴ አዝማሚያ ነው፣ ጓድ!»

ዘርፌ ቀሚሴን ጎተተችኝ፤ «ተቀመጪ አንቺ! በካሮት ልትታሰሪ ነው?» አለችኝ።

ንዴት ደፋር ያደርጋል። የምሠራው ቤተ መጻሕፍት ነው፤ እነሱ የሚጠቅሷቸውን መጻሕፍት አቧራ የማራግፈው እኔ ነኝ፣ አንዳንዱንም አንብቤዋለሁ። «አትክልቱን ያመረተው ሰፊው ሕዝብ ነው። የሰፊውን ሕዝብ ምርት ማበላሸት የኢኮኖሚ አሻጥር ይባላል» አልሁ።

አያ ቢያድግልኝ ከኋላ ሲነሣ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ፊቱ አመድ መስሏል። በዚህ ቃል ሰው ይታሰራል፤ አውቄው ነበር፣ አፌ ግን ቀደመኝ።

«ቢላዋውን ነው ያልሁት! ሰውየውን አይደለም!» ብዬ ጮኽሁ።

ጓድ አስማማው ግንባሩን ጠረገ። ቢላዋውን ለጊዜው ከሥራ የሚያግድ፣ ክፍፍሉን የሚቆጣጠር ኮሚቴ እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረበ። በጭብጨባ አለፈ። የኮሚቴው ሰብሳቢ እኔ ነኝ። ሌላ አባል የለውም።

ድል አድርጌያለሁ። ቤት እስክገባ ግን ኋላዬን ስገላመጥ ነበር።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 16

አባባን ተኝተው እንደ ሆነ ብዬ ሳልቀሰቅስ በማለዳ ወጣሁ።

አትክልቱ በሙሉ ሳይቆረጥ ተመደበ። የመደብሁት እኔ ነኝ። ገና ዕጣው ወድቆ ሳያልቅ «የሷ ጎመን የልጅ ራስ ያክላል፣ የኔ ቡጢ!» ተባለ። አንዷ ቀይ ሥሯን ወደኔ ወረወረች። ዘርፌ እንኳ «ሰብሳቢዋ ለራሷ መድባ ነው» አለች፤ ዘርፌ! የሰው ፍርድ እንዲህ ነው፤ ግማሽ ሲሰጡት ይስቃል፣ ሙሉ ሲሰጡት ይሳደባል። አያ ቢያድግልኝ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ቢላዋው በሰገባው፣ ሲያየን ቆየ።

«አንቺም አላወቅሽበት፣ እታለም» አለኝ በመጨረሻ። ቂም አልነበረበትም፤ ይህም ይበልጥ አናደደኝ።

ቢሆንም ቢሆንም! ትልቁ ጎመን ለኔ ደረሰ፤ በዕጣ፣ በእውነተኛ ዕጣ። ካሮቱ ከነቅጠሉ። ዘንቢል ውስጥ አልከተትሁትም፤ ሰው ይየው ብዬ በክንዴ ታቅፌ የሹም አቦን ሰፈር አቋረጥሁ።

ቤት ስደርስ አልጋው ተነጥፏል። መቋሚያቸው ከጥጉ የለም። የእሑዱ ዲያቆን ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

«መሪጌታ በጠዋቱ ጀልባ ዘጌ ተሻገሩ» አለኝ። «‹የልጄ ወጥ አበርትቶኛል፣ ሱባኤ እችላለሁ› አሉ። ለፋሲካ እዚያው ከመነኮሳቱ ጋር ይቆማሉ።»

ጎመኑን እንደታቀፍሁ ምን ስንቅ እንደ ያዙ ጠየቅሁት።

የያዙት ሽምብራ ቆሎ ብቻ ነው።