አያንቱ ያደረሰችኝ ቀን

ኅዳር 28፣ 2008፣ ቡራዩ
በረንዳ ላይ ፀሐይ ስሞቅ ዋልኩ። ሁለተኛውን ኪሞ፣ የካንሰር መድኃኒቱን፣ ከወሰድኩ ዘጠኝ ቀኔ። ነጭ የደም ሴሌ በጣም ወርዷል። ሐኪሟ፣ ትኩሳቱ ሠላሳ ስምንት ከገባ አንድ ሰዓት እንኳ እንዳልጠብቅ አስጠንቅቃኛለች። ባለቤቴ ሙሴ አዲስ አበባ ሥራ ሄደ። ግቢያችን ውስጥ ቤት የተከራየችው ልብስ ሰፊ አያንቱ ሰላም ብላኝ አለፈች። ዓመት ሙሉ ከሰላምታ ያለፈ አላወራንም... ለምን ይሆን?

ታኅሣሥ 1
አዲስ አበባን ወደ ኦሮሚያ በሚያሰፋው ማስተር ፕላን የተቆጡ ወጣቶች የአምቦን መንገድ በድንጋይ ዘጉት አሉ። ሙሴ እዚያው ከተማ ቀረ። እኔ ደህና ነኝ። ትንሽ በረደኝ...

ታኅሣሥ 2
ትኩሳቴ ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ ሁለት።

ታኅሣሥ 9፣ ሆስፒታል
እስክሪብቶ መያዝ ቻልኩ።
ያ ቀን የሚታየኝ በቁርጥራጭ ነው። አያንቱ ሳቃስት ሰምታ ገባች። ባለ ባጃጅ ለምና አመጣች፣ ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አስተኛች። ባጃጁ የሚንሳፈፍ ይመስለኛል። ባሕር ዛፎቹ ከላይ ቀስ ብለው ያልፋሉ... መንገዱ ላይ ያሉት ድንጋዮች የተኙ በጎች መሰሉኝ። እንዳትቀሰቅሷቸው ያልኩም ይመስለኛል። አያንቱ ወርዳ መንገዱን የዘጉትን ልጆች በኦሮምኛ አናገረች። ምን አለቻቸው? አልሰማሁም። በጎቹን አንድ በአንድ አቅፈው ከመንገዱ ሲያነሱልን ግን አየሁ።
ዛሬ ሐኪሟ አስረዳችኝ። «ባክቴሪያው ከራስሽ አንጀት ነው ወደ ደምሽ የገባው። የሚያስቆመው ሴል አልነበረሽም።» ትንሽ ብትዘገዪ ኖሮ... አለችና ተወችው።

ታኅሣሥ 12
ግሉኮሱ ጠብ፣ ጠብ... ስለ አያንቱ ስጠይቀው ሙሴ መስኮቱን ያያል።

ታኅሣሥ 14
ነገረኝ። እኔን አድርሳ ስትመለስ መንገድ ላይ ፖሊሶች ያዟት። የት እንዳለች የሚያውቅ የለም።

ጥር 6፣ ቡራዩ
ደሜ ንጹሕ ነው ተባልኩ። ሬዲዮው ደግሞ ማስተር ፕላኑ ቀርቷል አለ። የአያንቱ በር እንደተቆለፈ ነው።

ጥር 9
ሙሴን ይዤ ፉሪ ሄድኩ፣ እናቷ ዘንድ። እማማ ጥሩዬ ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር። ልጅዎ ሆስፒታል ያደረሰችኝ እኔ ነኝ፣ የተያዘችውም በእኔ የተነሳ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ አልኩ። እጄን ስዘረጋ ወደ ኋላ ሸሹ። ፊታቸውን አዙረው ወደ ጓሮ ሄዱ። መሄድ ነበረብን? ሙሴ እንውጣ አለኝ... እኔ ግን እዚያው ደጃፉ ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው።
ውሃና ሳሙና ይዘው ተመለሱ። እስከ ክርናቸው ታጠቡ። ቀስ ብለው፣ በየጣታቸው መሐል።
«ያን ቀን ከሆስፒታል ደውላልኝ ነበር» አሉ። «ሳይታጠቡ አይነኳትም ብላኛለች።»
ከዚያ ሁለቱን እጆቼን ያዙ። እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር፣ እርጥብ። ሳይለቁኝ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።