በስልክህ የሚከፈተው በራችን

ለልጄ፣

ጤናውን ይስጥህ፤ ልቦናውንም አይንፈግህ። እኛ ደህና ነን፤ ደህና ያደረገን ግን ጎረቤት ነው እንጂ አንተ አይደለህም።

ፕሮግራሙን ራሴ ጻፍኩት ብለህ በራችን ላይ ያስገጠምከው ባለቁጥር ቁልፍ ቅዳሜ እምቢ አለን። ከገበያ ተመልሰን ቁጥራችንን ብንነካ ብንነካ፣ «አዲስ ቁጥር ለባለቤቱ ስልክ ተልኳል» ይላል። ባለቤቱ አንተ ነህ። አርብ ዕለት «ከዚህ ሆኜ አሻሽዬላችኋለሁ» አልከን፤ ቅዳሜ ስልክህን ዘግተህ ከጓደኞችህ ጋር ገደል ልትወጣ ሄድክ። ገደል መንጠልጠል እረፍት ከሆነልህ እረፍ። አባትህ ግን የስኳር መድኃኒቱ ፍሪጅ ውስጥ ተቆልፎበት፣ አፉ ደርቆ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነበር።

በያጁ ጎረቤታችን መቁረጫውን ይዞ መጣና በሩን ከፈተልን። «እትዬ፣ ቤቱ የማን ነው?» አለኝ። አባትህ እንደ ልማዱ «ልጁ እኮ ለደህንነታችን ብሎ...» ብሎ ሊሟገትልህ ጀመረ። «ዝም በል አንተ ሰውዬ፣ መርፌህን ተወጋ!» አልኩት።

«ትንሽ ስህተት ናት፣ አስተካክላታለሁ» ብለህ የላክኸውን አንብቤዋለሁ። አታስተካክል። እጅህን ከቤቴ ላይ አንሳ።

አሁን በሩ የብረት ቁልፍ አለው። አንዱ እኔ ጋ ነው፤ አንዱ አባትህ ጋ። ሦስተኛውን በስምህ አስቀርጬ ምስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ በፖስታ ግን አልልከውም። መጥተህ አንኳኳ፤ ራሴ እከፍትልሃለሁ።

ከገደሉ ይጠብቅህ።

እናትህ