ከአውሮፕላን ጅራት ውስጥ ስለ ወጡት ሁለት ቦት ጫማዎች

ለክቡር ሚስተር ዴስመንድ ፔቲግሩ
የዊላንዳራ የቤት ሠራሽ አውሮፕላኖች ማኅበር፣ የምዝገባ ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ዊላንዳራ፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ

ግልባጭ፦ አባላት ቅዳሜ ቅዳሜ ለቋሊማ ሲሰለፉ እንዲያነቡት፣ ከሀንጋሩ በር ላይ ላለው ሰሌዳ

ክቡር ሊቀ መንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ እንዲሁም ከማኮብኮቢያው ላይ ካንጋሮ ማባረሩን እርግፍ አድርጎ የተወው አሮጌ ውሻዎ በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ እመኛለሁ። የወገብዎን ሕመም በተመለከተ ደግሞ ሳላስብዎ የዋልኩበት ቀን የለም፤ ሕመሙ የጀመረው በእኛ ቤት ስለሆነ ኃላፊነትም ይሰማኛል።

ኮሚቴዎ ያስተላለፈውን ውሳኔ በታላቅ አክብሮት ተቀብዬ፣ መነጽሬን ጠርጌ፣ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። እንደገባኝ ከሆነ፣ እኔና ባለቤቴ ኮል አብረን የሠራናት አውሮፕላን በኮል ስም ብቻ የምትመዘገብ ሲሆን፣ ስሜ በሠሪነት እንዲጨመር ያቀረብኩት ማመልከቻ ውድቅ የተደረገው «ከቀረቡት ፎቶግራፎች በአንዱም ላይ የአመልካቿ ፊት ስለማይታይ» ነው። በማኅበራችን ደንብ አዲስ አውሮፕላንን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያበርረው ወይ ሠሪው ራሱ ነው፣ ወይ ኮሚቴው የሚመርጠው አብራሪ። ኮል ደግሞ መሰላል ላይ ሁለተኛው እርከን ሲደርስ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው መሆኑን አገሩ ሁሉ ስለሚያውቅ፣ ኮሚቴው አብራሪ መምረጥ ግድ ሆኖበት፣ ብዙ ከመከረ በኋላ እርስዎን መርጧል። በሰው አውሮፕላን የመጀመሪያውን በረራ የማድረግን ከባድ ሸክም፣ ያውም ማንም ሳይለምንዎ፣ ለመሸከም ፈቃደኛ በመሆንዎ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ከአባሎቻችን መካከል ለቋሊማው ብቻ የሚመጡ ስላሉ፣ ነገሩን ለእነሱ ስል ከመነሻው ላስረዳ። በጎቹን ከሸጥን በኋላ የጠጉር መሸለቻው ቤት ባዶውን ቀረ፤ ኮል ደግሞ ባዶ ቤት ማየት አይወድም። አውሮፕላኗ በሳጥን ተፈትታ መጣች፤ ክንፏም ላሜራ፣ ጅራቷም ላሜራ፣ የቀረው ሁሉ ሪቬት። ሪቬት ላሜራን ከላሜራ የሚያያይዝ ትንሽ የአሉሚኒየም ችንካር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን የሚመታው ሰው የለም፤ አንዱ ከውጭ በአየር መዶሻ ሲመታ፣ ሌላው ከውስጥ ድፍን ብረት ደግፎ ይይዝለታል። ሁለቱ ካልተናበቡ ላሜራው ይሰረጉዳል፤ ትዳሩም እንደዚያው።

ኮል የበር ስፋት ያለው ሰው ስለሆነ፣ ጅራቱ ውስጥ ገብቶ ብረቱን የሚይዘው ማን ይሁን የሚለው ክርክር አጭር ነበር። «አንቺ ቀጭን ነሽ፣ አንቺ ግቢ» አለኝ፤ ገባሁ። የብርዱን ወራት በውርጭ፣ የሙቀቱን ወራት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር እየተቀቀልኩ፣ በሆዴ ተኝቼ ብረት ያዝኩ። ንብ የምታረባው ጎረቤታችን ኖሌን ደግሞ፣ በማኅበሩ ልማድ መሠረት፣ እያንዳንዱን የሥራ ደረጃ ከነሠሪው ፎቶ ታነሳ ነበር። ኮል ካሜራ ሲያይ ፈገግ የማለት አመል ስላለው፣ በሁሉም ፎቶ ላይ የአየር መዶሻውን ታቅፎ እንደ ሙሽራ ፈገግ ብሏል። ከአጠገቡ፣ ከጅራቱ ጉድጓድ፣ ሁለት ቦት ጫማዎች ወጥተው ይታያሉ። እኔ ነኝ።

የመጀመሪያውን የምዝገባ ቅጽ የሞላውም ኮል ነው። ቅጹ ለሠሪ ስም አንድ መስመር ብቻ ነበረው። ኮል ያየውን የሚጽፍ ቅን ሰው ነውና፣ ዙሪያውን ቢመለከት ከራሱ በቀር ማንም አልታየውም። እኔ በዚያ ሰዓት ጅራቱ ውስጥ ነበርኩ።

ኮሚቴዎ ቁጥር እንደሚወድ ስለማውቅ ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ውሳኔው «በፎቶዎቹ ላይ የሚታዩት ቦት ጫማዎች የማን እንደሆኑ ማረጋገጥ አልተቻለም» ይላል። ጥንቃቄዎን አደንቃለሁ። ሆኖም ይህ ማለት፣ እኔ ሳላውቅ ሌላ ሴት ለዓመታት በቤታችን በሆዷ ተኝታ ስትሠራ ኖራለች ማለት ከሆነ፣ ስሟን እንዲነግሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ፤ ካልሲዋን ሳጥብላት የኖርኩት እኔ ነኝና። ኮልንም ጠይቄዋለሁ። ትንሽ አስቦ፣ ሌላ ሴት ብትሆን ኖሮ ያን ያህል አትሰድበኝም ነበር ብሎኛል።

፪ኛ፦ በሳጥኑ የመጣው ንድፍ ለረጅም ሰው የተሰላ ነበር፤ እኔ ደግሞ አጭር ነኝ። ስለዚህ የእግር መርገጫዎቹን አንድ ስንዝር ወደ መቀመጫው አቀረብናቸው፣ መቀመጫውን ከፍ አደረግነው፣ ለማንበቢያ መነጽሬም ከጎኑ ኪስ አበጀንለት። ቅዳሜ መጥተው አውሮፕላኗን ከመረመሩ በኋላ የጻፉት ሪፖርት ይህን እንደ ጉድለት ቆጥሮ፣ ሠሪው የገዛ እግሩን ርዝመት ባለመለካቱ ወንበሩ ላይ ሊቀመጥ እንደማይችል ይገልጻል። እውነት ነው፤ ኮል ሞክሮት ጉልበቱ ከአገጩ ተገናኝቷል። ክቡር ሆይ፣ ሠሪው የማይገባባት አውሮፕላን እያዩ፣ ምናልባት ለሌላ ሰው ተሠርታ ይሆን የሚለው ሐሳብ ለአፍታ እንኳ ውል ሳይልዎት መቅረቱ ለሥራዎ ያለዎትን ትኩረት ያሳያል። እርስዎ ራስዎ ከኮልም ይረዝማሉ። በመጀመሪያው በረራ ላይ ጉልበትዎን የት እንደሚያኖሩት ኮሚቴው አስቀድሞ እንደወሰነ አልጠራጠርም።

፫ኛ፦ ሪፖርትዎ ከመቀመጫዎቹ ኋላ ባለው ግድግዳ ላይ «ምክንያቱ ያልታወቀ ጥገና» እንዳለ መዝግቧል። ምክንያቱ እኔ ነኝ። ያ ግድግዳ ከኋላ ደጋፊ በማይፈልግ ሌላ ዓይነት ሪቬት የሚታሰር ስለሆነ፣ ኮል አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻውን እያፏጨ ከዳር እስከ ዳር አሰረው። እኔ ጆሮዬን በድምፅ መከላከያ ደፍኜ ከግድግዳው ወዲያ፣ ጅራቱ ውስጥ፣ የቀረኝን እያጸዳሁ ነበር። ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤት ሄደና «ግሌኒስ፣ ሻይ ላፍላልሽ?» እያለ ክፍል በክፍል ፈለገኝ። ያገኘኝ ሻዩ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ላሜራው ከውስጥ ሲደበደብ ሰምቶ ነው። ሪቬቶቹን አንድ በአንድ በመሰርሰሪያ አስወጥቶ አወጣኝ፤ ቀዳዳዎቹ ስለሰፉም ወፈር ባሉ ሪቬቶች ተተኩ። እርስዎ ያገኙት ጥገና ይኸው ነው። ሠሪ ያልሆነች ሴት እንዴት ከአውሮፕላን ውስጥ ተቸንክራ ልትገኝ እንደቻለች ኮሚቴው ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

አራተኛ ቅሬታም ነበረኝ። ኮል አንብቦት «ይሄን ተይው፣ ዴስ ክፉ ሰው አይደለም» ስላለኝ ትቼዋለሁ።

አሁን ወደ ቅዳሜው ጉብኝትዎ ልምጣ። ወደ መሸለቻ ቤታችን መጥተው፣ ኖሌን ያመጣችውን ላሚንግተን ኬክ ሁለት ቁራጭ ከቀማመሱ በኋላ፣ ጅራቱን በጣትዎ መታ መታ አድርገው፣ ከዚህ ውስጥ ሙሉ ሰው ገብቶ ሊሠራ እንደማይችልና ጫማዎቹ ለፎቶው ሲባል የተቀመጡ ሊሆኑ እንደሚችሉ ሲያስረዱን፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንደመጡ ቢገባኝም ሻይዎን ሞላሁልዎ። እርስዎ ግን የኃላፊነት ሰው ነዎትና ኮትዎን አውልቀው፣ እኔ ከተቸነከርኩ ወዲህ በግድግዳው ላይ በተበጀው መፈተሻ ቀዳዳ በሆድዎ ገቡ። እስከ ወገብዎ ድረስ በጣም ደህና ገቡ። ከዚያ እንቅስቃሴው ቆመ። እኛም ምርመራዎን እንዳናውክ ወደ ኬኩ ተመለስን። ቆየት ብሎ ከላሜራው ውስጥ ድምፅዎ መጣ፦ «ግሌኒስ፣ እባክሽ እግሬን ሳብ አድርጊልኝ።»

ሳብኩ። ኮልም ረዳኝ። ኖሌን በበኩሏ ልማዱን ጠብቃ ፎቶ አነሳች። ፎቶው እጅግ ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ ደህና ተደርገው የተወለወሉ ሁለት ቡናማ ጫማዎች ይታዩበታል። ሪፖርትዎ «የጅራቱን ውስጥ በአካል ገብቼ መርምሬያለሁ» እንደሚል አይቻለሁ። እኔ አምንዎታለሁ። ነገር ግን ካልታዘልኩ አላምንም የሚለው የራስዎ ኮሚቴ ነገ ተነስቶ ጫማዎቹ የማን ናቸው ቢለኝ፣ ምን ብዬ እንደምመሰክርልዎ ጨንቆኛል።

ከጉድጓዱ ወጥተው ወገብዎን እያሹ ኮልን ለብቻው ገለል አድርገው፣ እውነቱን እንዲነግርዎ፣ ይህችን አውሮፕላን የሠራው ማን እንደሆነ ጠይቀውታል። ኮል ብዙ ወሬ አያውቅም። «እኔ ውጭ ነበርኩ ዴስ። ውስጡን እሷን ጠይቃት» አለዎት። ውሳኔው ይህን «ባል ለሚስቱ የሚሰጠው የተለመደ ምስክርነት» ብሎ አልፎታል። እኔን ግን እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም።

እንግዲህ ቀልዱን ለጊዜው ላቁምና የምፈልገውን ልናገር። እኔ የምፈልገው ያቺ አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ መሬት ስትለቅ ውስጧ መሆን ነው። ስሜ ቢጻፍ ደስ ይለኛል፤ ዋናው ነገር ግን እሱ አይደለም። የማኅበሩን አሮጌ አውሮፕላን ለብዙ ዘመን አብርሬያለሁ፤ ጥሩ አውሮፕላን ናት፣ የሠራት ሰው ማን እንደሆነ ግን አላውቅም። የዚህችን እያንዳንዱን ችንካር ከጀርባው አውቀዋለሁ፤ ሲመታ እጄ ላይ ሲነዝረኝ ኖሯል። ጣቶቼ ዛሬም ብርድ ሲሆን ይደነዝዛሉ። አልቆጭም፣ ወድጄ የያዝኩት ብረት ነው። ሌላ ሰው ይዟት ሲነሳ ግን ከአጥር ውጭ ቆሜ ማጨብጨብ አልችልም። ያመኛል። ይህንንም ሰው ሁሉ በሚያነበው ሰሌዳ ላይ ስጽፍ አላፍርም።

ስለዚህ ኮሚቴው በሚቀጥለው ስብሰባው ጉዳዬን እንደገና እንዲያየው እለምናለሁ። ፊቴን ማየት ግድ ከሆነ ይዤው እመጣለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ትንሽ አርጅቷል እንጂ ያው ነው። ቦት ጫማዎቹንም አድርጌ እመጣለሁ፤ ኮሚቴው ከፈለገ ከፎቶው ጋር እያስተያየ እንዲለካቸው ጠረጴዛው ላይ እግሬን ለመስቀል ዝግጁ ነኝ።

ለማኅበራችን ክብር ሲሉ የሚያሳዩትን ድካም፣ የሰው ፊት ካላዩ የሰው ሥራ የማያምኑበትን ጽኑ አቋምዎን፣ ከሁሉም በላይ በጠባብ ቦታ ያሳዩትን ትዕግሥት እያደነቅሁ፣ ጤናና ረጅም ዕድሜ፣ ለወገብዎም ፈጣን ምሕረት እመኛለሁ።

የእርስዎ ታዛዥ፣
ግሌኒስ ሃርቲጋን
ፈቃድ ያላት አብራሪ፣ የጫማዎቹ ባለቤት ነኝ ባይ

ሳልረሳው፦ ደንባችን ፈቃድ ያለው አባል ሁሉ አዲስ አውሮፕላንን በመሬት ላይ በፍጥነት እያኮበኮበ እንዲፈትሽ ስለሚፈቅድ፣ ሐሙስ ጠዋት ካንጋሮዎቹን አባርረን አኮበኮብኳት። ነፋሱ ከፊት ለፊት ጠንከር ያለ ነበር፤ እኔም ነዳጁን ትንሽ አብዝቼላት ይሆናል። የጎማዎቹ ድምፅ በድንገት ጠፋ። የአጥሩ ጫፍ ከእግሬ በታች ሆኖ ጥቂት ቆየ፣ ከዚያ ቀስ አድርጌ መልሼ አስቀመጥኳት። ኖሌን ንቦቿ ዘንድ ስለነበረች ካሜራውን ይዞ አጥሩ ጋ የቆመው ኮል ነበር፤ እያለቀሰ ስለነበር ቁልፉን መጫኑን ረሳው። ስለዚህ ፎቶግራፍ የለም፤ ፎቶግራፍ ከሌለ ደግሞ በኮሚቴዎ ውሳኔ መሠረት የሆነ ነገር የለም። የመጀመሪያው በረራ ማንም ሳይነካው እርስዎን እየጠበቀ ነው።