እኔና ሄለን በአንድ ሳጥን

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አርሊንግተን

እህቴ ሄለን ለምሳ ጠርታኝ ነበር። ከእኔ የግማሽ ሰዓት መንገድ፣ ካሮልተን ነው የምትኖረው፤ ከፋሲካ ወዲህ አልተያየንም። ልወጣ ስል ዶፍ ወረደ። መንገዱ ወንዝ ሆነ፤ ፓርክ ያደረግኳት መኪና ጎማዋ በውሃ ተዋጠ። ለሄለን ኮል አድርጌ በዝናቡ መውጣት እንዳልቻልኩ ነገርኳት።

«የምን ዝናብ? እዚህ እኮ ፀሐይ ነው!» አለች። «ካልፈለግክ አልመጣም በል፣ ኦኬ? በዝናብ አታመካኝ።» ዘጋችው።

የሚገርመው ሥራዬም ዝናብ ነው። ከደረቁ ምዕራብ ቴክሳስ እስከ እርጥቡ የባሕር ዳርቻ ድረስ ከባድ ዝናብ ወደፊት የት እንደሚበረታ በኮምፒውተር ሞዴል እገምታለሁ። ሞዴሉ አገሩን በትልልቅ ሳጥኖች ይከፍለዋል፤ አንድ ሳጥን ውስጥ ላለ ሁሉ እኩል ይዘንባል። አርሊንግተንና ካሮልተን አንድ ሳጥን ውስጥ ናቸው። ሞዴሉ ውስጥ ብንኖር ኖሮ ዛሬ ታምነኝ ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ መልሼ ደወልኩ፤ አላነሳችም። እንቁላል ጠብሼ ብቻዬን በላሁና ላፕቶፑን ከፈትኩ።

አለቃዬ ሳጥኖቹን አሳንሳቸው ካለኝ ሰንብቷል። ልክ ነው፤ ሲያንሱ ውጤቱ ይጠራል። ግን ካሳነስኳቸው እኔና ሄለን ለየብቻ ልንሆን ነው።

ዛሬም ሳልነካቸው ዘጋሁት።