እማማ ጆሮ ሳላት

ለወንድሜ ለኦርሊጉር፣

ይህች ወረቀት ጤና ሆነህ ትድረስህ። እንዴት ነህ? ጉልበትህ እንዴት ሆነ፣ ደረጃ መውጣት ቻልክ? እግርህ ውስጥ ረግቶ የነበረው ደም ጨርሶ ለቀቀህ ወይስ ሐኪሞቹ ገና ይመላለሱብሃል? ባለቤትህ ግሌኒስ እንዴት ናት? ልጅህ ሶልቬይግና ልጆቿስ? እናንተ ዘንድ፣ በምድር ደቡብ፣ አሁን የብርድ ወራት ነው አሉ፤ ፐርዝ ውስጥ ብርድ የምትሉት ግን ለእኛ ሸሚዝ የሚያስወልቅ ቀን ነውና ብዙም አላዝንላችሁም። እኛ ከሞላ ጎደል ደህና ነን። የጎደለውን እየቆየሁ እነግርሃለሁ።

ደብዳቤህ ደርሶናል። አርብ ማታ እንደምትገቡ፣ እሑድ ማታ ወደ ለንደን እንደምትመለሱ፣ ግሌኒስ ከተማችንን አይታ ስለማታውቅ ምን ምን ብታሳያት እንደሚሻል ጠይቀሃል። ቅዳሜ የፏፏቴውና የፍል ውሃው የአውቶቡስ ጉዞ ተይዟል፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ እማማ ጋ ብቅ እንላለን ብለሃል። ዓይኗ ከጥላ በቀር ስለማይለይላት ደብዳቤህን ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩላት። እዚያ ቦታ ስደርስ «እስቲ ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩት። «ብቅ እንላለን» አለች ለራሷ። ከዚያ ራዲዮዋን ከፈተች።

በመጀመሪያ የጠየቅከውን ልመልስ። ሬይክያቪክ ለሁለት ቀን አትበዛም፣ አታንስም። በእግራችሁ ሂዱ። አባባ ዕድሜውን ሁሉ የከተማ አውቶቡስ ነድቶ ሳለ ለመጣ እንግዳ ሁሉ «አውቶቡስ ሥራ ለረፈደበት ሰው ነው፤ እናንተ ምን አስቸኮላችሁ?» ይል ነበር። ከኮረብታው ቤተ ክርስቲያን ጀምሩ። ግንቡ ላይ በሊፍት ይወጣል፣ ጉልበትህ አይጎዳም። ማለዳ ከሆነ ከመርከብ የሚወርዱት ጎብኚዎች አይቀድሟችሁም። ከላይ ሆናችሁ የቆርቆሮ ጣሪያዎቹን ቀለም ስታዩ ያደግንበትን ቤት ፈልግ፤ ያኔ ቀይ የነበረው አሁን አረንጓዴ ተቀብቷል፣ እንዳያሳስትህ።

ከዚያ ቁልቁል ወደ ኩሬው ውረዱ። ለዳክዬዎቹ ዳቦ አትጣሉ። በልጅነታችን እንደዚያ አልነበረም፣ አውቃለሁ፤ አሁን ግን በበጋ ዳቦ ሲጣል ትልልቆቹ የባሕር ወፎች ይሰበሰቡና ጫጩቶቹን ይበሏቸዋል። ወደቡ ዳር አዲሱን የመስታወት የሙዚቃ አዳራሽ ታገኛላችሁ። አባባ ግንባታውን ቆሞ እያየ «ባንኮቹ ሲወድቁ የተሰበረውን መስታወት ለቅመው ነው የሠሩት» ሲል ሰምቼዋለሁ፤ ግሌኒስ ግን ትወደው ይሆናል፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ያምራል። ሲርባችሁ ቋሊማ የሚሸጥባት ትንሿ ኪዮስክ ጋ ቁሙና «ከሁሉም ጋር» በሉ፤ ሽንኩርቱ ጥሬውም የተጠበሰውም ይግባበት። ጃንጥላ አትያዙ። እዚህ አገር ጃንጥላ የያዘ ሰው እንግዳ መሆኑ ከሩቅ ይታወቃል፣ ነፋሱም ገልብጦ ያዋርደዋል። ወደ ግሮታ፣ ወደ ደሴቷ የመርከብ መብራት ማማ፣ የምትሄዱ ከሆነ ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት ሳትጠይቁ አትሻገሩ። አምና ሁለት ጀርመኖች ፎቶ ሲያነሡ መንገዱ በውሃ ተውጦባቸው ጫማቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ሲመለሱ አይቻለሁ።

ዋናው ግን የሰፈራችን የዋና ገንዳ ነው። እዚያ ሳትገቡ እንዳትሄዱ። ግሌኒስን አስቀድመህ አስጠንቅቃት፤ የዋና ልብሷን አውልቃ በሳሙና ካልታጠበች ጠባቂዋ ሴትዮ በሰው ፊት ትመልሳታለች፣ ሴትዮዋ ደግሞ ድምፅዋ የመርከብ ጥሩምባ ነው። ታጥባችሁ ስትወጡ በስተግራ ወዳለው ክብ የሙቅ ውሃ ጉድጓድ ግቡ። አባባ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ እስኪሞት ድረስ በየማለዳው ይቀመጥበት የነበረው ቦታ፣ ውሃው ከግድግዳው የሚፈልቅበት ጥግ ነው። እስከ ዛሬ ማንም አይቀመጥበትም። ማንም አትቀመጡበት አላለም፤ ሰዎቹ ብቻ ሌላ ሌላው ቦታ ላይ ተጣበው ይቀመጣሉ። አንተ ግን ተቀመጥበት።

ሰዎቹን ታውቃቸዋለህ። ኬቲል የመርከብ መካኒኩ አለ፣ ሁንቦጊ አናጢው አለ። አባባ በነጋ በጠባ «ልጄ በሚመጣው በጋ ይመጣል» እያለ ይነግራቸው ነበርና ሲያሾፉበት ኖረዋል። ኬቲል «የቤርግስቴይን ልጅ እንደ ሄሪንግ ዓሣ ነው፤ ይመለሳል እየተባለ ሰው አረጀ» ይል ነበር። አባባም አይተውም፣ «ሄሪንጉን ያባረረው የአንተ ሞተር ነው፣ አንተ ዘይት አፍሳሽ» ብሎ ይመልስለት ነበር።

ፌብሩዋሪ ላይ፣ በአባባ ቀብር ማግስት፣ ወደ ገንዳው ሄጄ ነበር። ቤት ውስጥ መቀመጥ አቅቶኝ ነው። ጋዜጣው ላይ ስለ አባባ የጻፍከውን ሁሉም አንብበውታል። ግሌኒስ ልማዳችንን አታውቀው ይሆናልና አስረዳት፦ እዚህ ሰው ሲሞት፣ ሚኒስትርም ይሁን ዓሣ ጠራጊ፣ ልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹና ወዳጆቹ በቀብሩ ቀን ጋዜጣ ላይ ይጽፉለታል። አብዛኞቹ ለሟቹ ራሱ ነው የሚጽፉት፤ «ውድ አባባ» ብለው ይጀምሩና በሕይወት ሳለ ያልነገሩትን ይነግሩታል። እኔ ያን ገጽ ጡረታ እስክወጣ አዘጋጅቻለሁ። የጻፍከውን የማደንቀው ለሙያዬ ብዬ አይደለም፤ በእኔ እጅ ካለፉት ሁሉ ያንተን የሚያህል አላስታውስም። የምሳ ሣጥንህን ረስተህ ሄደህ፣ አባባ ሰው የሞላ አውቶቡስ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አቁሞ፣ ጥሩምባ እየነፋ በመስኮት ያቀበለህን ስታነሣ፣ ያኔ በኀፍረት እንደሞትክና ዛሬ ያን ጥሩምባ ለመስማት የማትሰጠው ነገር እንደሌለ ስትጽፍ፣ እኔ ወረቀቱን ማስቀመጥ ነበረብኝ።

ኬቲል ውሃው ውስጥ ሆኖ «ልጁ ሸጋ አድርጎ ጽፏል» አለ። ከዚያ ጥቂት ቆይቶ «ችግሩ ቤርግስቴይን ጋዜጣ ማንበብ ያቆመው ባለፈው ሳምንት ነው» አለ። ሁለት ሰዎች ሳቁ። ሁንቦጊ ግን አልሳቀም። «አንተ ምላስህ ይቆረጥ» አለው። «ምን አጠፋሁ?» አለ ኬቲል። «አንተማ ምን ታጠፋለህ፣ ሚስትህ በሕይወት አለች። እኔ ለአርንፍሪዱር ግማሽ ገጽ ነው የጻፍኩላት። ግማሽ ገጽ! በቁሟ ሳለች ሾርባው ጨው በዝቶበታል ከማለት ሌላ ምን ነግሬያት አውቃለሁ?» አለ። ኬቲል ያን ቀን ከወትሮው ቀድሞ ወጥቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

እማማ ያን ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አስነብባኛለች። ስጨርስ አላለቀሰችም። «ይሄን ያውቅ ነበር?» አለችኝ። «ማን?» አልኳት። «አባትሽ። ልጁ እንደዚህ እንደሚወደው ያውቅ ነበር?» አለች። ምን ልበላት? ሲሞት አጠገቡ ነበርኩ። ስላንተ አንሥቶ ነበር። «ኦርሊጉር ጉልበቱ ተሻለው?» ነበር ያለው፣ ሌላ አላለም። አላውቅም አልኳት። «እኔም አላውቅም» አለች። «ስልሳ ዓመት አብሬው ተኝቻለሁ፣ አላውቅም።» ወንድሜ፣ ይህን የምጽፍልህ ልወቅስህ አይደለም። ያኔ አልጋ ላይ ነበርክ፣ አውሮፕላን ብትሳፈር ለሁለት ቀብር እንቀመጥ ነበር። አባባም ቢሆን «እወድሃለሁ» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ የሰማ የለም። ሁላችንም እንደዚያው ነን። ግን ጥያቄዋ ከፌብሩዋሪ ጀምሮ አብሮኝ ይዞራል።

አሁን የጎደለውን ልንገርህ። ጁን ላይ እማማን ሐኪም ዘንድ ወስጃት ነበር። ልቧ ደክሟል። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፣ ደህና ሰው፤ እማማ ራሷ ጠይቃት ሳትሸፍን ነገረቻት፤ መጪውን የብርድና የጨለማ ወራት ትሻገራለች ብላ አታስብም። በመኪና ስንመለስ እማማ «ለኦርሊጉር እንዳትነግሪው» አለችኝ። «ለምን?» አልኳት። «ሊያየኝ ይምጣ እንጂ ሊቀብረኝ አይምጣ። ሰው እየሞተች ነው ብሎ ሲያይሽ ዓይኑ ሌላ ነው። አለማየቴ ጠቀመኝ እንጂ የጎረቤቶቹን ዓይን አውቀዋለሁ» አለችኝ። እሺ ብያት ነበር። ደብዳቤህን ካነበብኩላት በኋላ ግን እሺታዬን መልሼ ወሰድኩ፤ ፊት ለፊት ነገርኳት፣ «ልነግረው ነው» አልኳት። እንደምትቆጣ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ወደ ራዲዮዋ ዞረች። በራዲዮ የሟቾች ስም እየተነበበ ነበር፣ እንደ ልማዷ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ አጠፋችው።

«እንግዲያውስ የምነግርሽን ጻፊለት» አለችኝ። ቃሏን እንዳለ አስቀምጥልሃለሁ። «ለእኔም ሊጽፍልኝ ነው አይደል፣ እንደ አባቱ? አሁን ጽፎ ያምጣው። ጋዜጣው ላይ ሲወጣ አንቺ ልታነቢልኝ አትችዪም፣ እኔ የለሁም። ጆሮዬ ገና ደህና ነው። አጭር ያድርገው፣ ካስረዘመው እንቅልፍ ይወስደኛል። ውሸት እንዳይጨምርበት። ኬክ መጋገር ትችል ነበር እንዳይል፣ ኬኬ ሁልጊዜ መሐሉ ጥሬ ነበር፣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ውድ እማማ ብሎ ይጀምርና ያሰበውን ይበል።» እኔ ሳቅኩ፣ ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ሄድኩ። ከኋላዬ ጠርታኝ «ደግሞ እኔ ስሰማ እንዳታዩኝ፤ ወደ መስኮቱ ዙሩ» አለችኝ።

እንዲህ ነው እንግዲህ። ሥራው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ለሞተ ሰው መጻፍ ቀላል ነው፤ ፊቱን አይለውጥም፣ አያቋርጥም፣ «ምን ነካህ?» አይልም። እኔም የራሴን ጽፌአለሁ። በአጠገቧ እየኖርኩ፣ ጫማዋን እያሰርኩላት፣ በየማለዳው ላነብላት እቀመጥና የአየሩን ሁኔታ ነግሬያት እነሣለሁ። ሁለት ከሆንን ግን የምንችለው ይመስለኛል። አንተ ታናሽ ነህ፤ አንተ ጀምር፣ እኔ እከተላለሁ።

ስለዚህ የጉብኝት ምክሬን አስተካክዬዋለሁ። አርብ ከአየር ማረፊያው በቀጥታ ወደ እኛ ኑ፤ ዓሣና ድንች ቀቅዬ አድቅቄ በቅቤ አዘጋጃለሁ፣ በጭስ የደረቀ የበግ ሥጋና ቂጣም አለ። የቅዳሜውን ጉዞ ግሌኒስ ብቻዋን ትሂድ፣ መሪው ደህና እንግሊዝኛ ይናገራል፤ ፏፏቴው አይሄድም፣ ሌላ ዓመት ታየዋለህ። አንተ ቅዳሜ ማለዳ ከእኔ ጋር ገንዳ ትገባለህ፣ ኬቲል የልቡን ይሹፍብህ። ከዚያ ወደ እማማ እንሄዳለን። ከቁርስ በኋላ ነው የምትበረታው፤ ከሰዓት በኋላ ትደክማለች፣ እሑድ ከሰዓት ብትመጣ ተኝታ ታገኛት ነበር። እሑድ ለቤተ ክርስቲያኑ ግንብ፣ ለኩሬውና ለወደቡ ይበቃል። ፎስቮጉር መቃብር አባባ ጋ ለመሄድም ጊዜ አለ፤ አበባ አትግዛ፣ እኔ የተከልኩት አብቧል።

ቀኗ ሲደርስ ከጋዜጣው ይደውሉልኛል። ልጆቹ አሁንም ያውቁኛል፣ በሙያው አብሬያቸው ነበርኩ። «የእናትሽ ጽሑፍ ዘገየ፣ ቦታ ይዘንልሻል፣ መቼ ትልኪያለሽ?» ይሉኛል። ያን ቀን የምልከው እንዳይኖረኝ እፈልጋለሁ፣ ወንድሜ። «ለባለቤቱ ደርሷል» ብዬ ስልኩን መዝጋት እፈልጋለሁ።

ግሌኒስን ሳምልኝ ብላሃለች እማማ፤ «እንግሊዝኛዬ ጥቂት ነው፣ እጇን ግን እይዛለሁ» ብላለች። ሶልቬይግን፣ ባሏን፣ ሁለቱን ልጆች በየስማቸው ሰላም በልልኝ፤ ለታናሹ የደረቀ ዓሣ ልኬለታለሁ፣ ቢሸተው አይጣለው። ልጅህ ትሬቨር አሁንም በማዕድን ማውጫው ከሆነ ስትደውልለት አክስትህ ታስብሃለች በለው። ኬቲልና ሁንቦጊም ሰላም ብለውሃል፤ ኬቲል የጨመረውን ስድብ ከራሱ አፍ ስማው። ራስህን ጠብቅ፣ በአውሮፕላኑ ውስጥ እየተነሣህ ተራመድ፣ ኮት ያዝ።

አንተን በር ላይ የምትጠብቅህ እህትህ፣
ስቴይንቮር

ሬይክያቪክ፣ ኦገስት 3 ቀን 2011 እ.ኤ.አ.